በሞቴ የተጋበዘው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ወንዞች ገና ስም ሳይወጣላቸው ሁሉም «ወንዙ» ብቻ ይባሉ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ሰፊና ቀርፋፋ ወንዝ ዳር ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነበር። ጸጥታው ለጉድ ነው። ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሳ እንቁራሪቶቹ ጥቂት ይንጫጩና ጎረቤት እንዳይቀሰቅሱ ብለው ይተዋሉ። ዳክዬዋ ላባዋን ስታጥብ ውሃውን አትመታውም፤ በክንፏ ጫፍ ትነካካዋለች እንጂ። የተጣላ ቢኖር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጣላው።

የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ጉማሬ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ዓይኑንና ጆሮውን ብቻ ከላይ ያስቀራል። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ወደዚህ ሰፈር ነው እንግዲህ አያ ጅቦ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያነከሰ የመጣው። ከሄደበት ሁሉ ተባሮ ነው። ከተራራው ሥር በጩኸቱ አባረሩት፤ ከሜዳው በሆዱ አባረሩት፤ ከገበያው ዳር ደግሞ በሁለቱም። ምስኪን ነው ማለቴ አይደለም፤ እያንዳንዷን ስድብ በሚገባ ሠርቶ ነው ያገኛት። ግን ደክሞት ነበር። ጀርባውን ሳይጠብቅ የሚተኛበት አንድ ጥግ አማረው፤ ለዚያች ጥግ ሲል የተባለውን ሁሉ ለመሆን ተዘጋጅቶ መጣ።

«ጋሽ ጉማሬ፣ ከሰፈራችሁ አንዲት ጥግ ይስጡኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ትጮሃለህ?»

«ትቻለሁ።»

«ሌሊትስ?»

«እተኛለሁ።»

ጅብ «ሌሊት እተኛለሁ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ ጉማሬም ሰምቶ አያውቅም ነበርና ጆሮውን አወዛወዘ።

«ጎረቤት ትበላለህ?»

አያ ጅቦ እዚህ ላይ ትንሽ አሰበ። ጥያቄው ከበደው። «ምን ያህል የቀረበ ጎረቤት?» አለ።

ጋሽ ጉማሬ ከውሃው ብቅ ብሎ በደንብ አየው። «ስማኝ» አለው። «እዚህ ሰፈር አንድ ደንብ አለ። ማንም ሳይጋበዝ አይበላም። ከተጋበዝክ ብላ። ካልተጋበዝክ ወንዙ የሚጥልልህን ዓሣና አጥንት እየለቀምክ ኑር። ደንቡን የጣስክ ቀን ግን እቃህን እንኳ ሳትሸክፍ ትወጣለህ።»

እቃ እንኳ አልነበረውም። ቢሆንም ደስ አለው። «ሳይጋበዝ አይበላም፣ ሳይጋበዝ አይበላም» እያለ ቃሉን በቃሉ እስኪያጠና ድረስ መንገድ ለመንገድ ደጋገመው። በሕይወቱ ከ«ሂድ!» በቀር አንድ ነገር ሲነገረው ወዲያው የገባው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቱ ከወንዙ ከፍ ብሎ ከዋርካው ሥር ያለ ጉድጓድ ሆነ። ቅርብ ጎረቤቱ ደግሞ፣ እንግዲህ አትሳቁ፣ አህያ ናት። እትዬ አመዴ ይሏታል፤ ስሟ ከቀለሟ የመጣ ነው። ዕድሜዋ የገፋ፣ ከውሃው ዳር ጎመን የምታለማ፣ አፏ ማር የሆነ ሴት ናት። ጅብ ጎረቤቷ ሊሆን መሆኑን ስትሰማ ፈራች፤ ግን ደንብ አለ፣ ጋሽ ጉማሬም አለ ብላ ራሷን አጽናናች።

በማግስቱ ጎረቤቶች አዲሱን ቤት ሊመርቁ መጡ። ዳክዬዋ ከፊት፣ እትዬ አመዴ ከመካከል፣ አባ ኤሊ በሩቁ ከኋላ። በሩ ላይ ቆመው በአንድ ድምፅ፣ ያውም በለስላሳው፣ «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

የአያ ጅቦ ጆሮ ቀጥ አለ። እንቦሳ ማለት ጥጃ ነው። ምራቁ ሳይጠሩት መጣ። «የታለች?» አለ።

«ምኗ?» አለች ዳክዬ።

«ጥጃዋ።»

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳክዬዋ ጠጋ ብላ «‹እንቦሳ እሰሩ› በል እንጂ» ብላ አንሾካሾከችለት።

«ልሰራት ፈቃደኛ ነኝ፤ ግን የታለች?» ወጥቶ ዋርካውን ዞረ። ቁጥቋጦውን በአፍንጫው በረበረ። ከአባ ኤሊ ኋላ ሳይቀር አየ። ጥጃ የለችም።

«ምርቃት እኮ ነው» አለች ዳክዬዋ። «ቤትህ ይሙላ፣ ከብት ይግባበት፣ ይርባበት ማለታችን ነው። ጥጃ የለችም።»

«ከሌለች ለምን ጠራችኋት?»

«እንግዲህ እንዲህ ይባላል» ብለው በጸጥታ ሄዱ። አያ ጅቦም ያን ቀን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጦ የሌለችውን ጥጃ ሲያስብ ዋለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አባ ኤሊ ደጃፉ ላይ ቅጠሉን ሲያኝክ አያ ጅቦ አለፈ። አባ ኤሊ እንደ ወጉ «እንብላ!» አለው። አያ ጅቦ ደንቡን አስታወሰ፤ ተጋብዟልና በላ። አንድ ቅጠል አላስቀረም። ቅጠል ይጠላል፤ ቢሆንም ከነቅርጫቱ ጠርጎ ዋጠው። አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ቤቱ ስቦ እስኪመሽ አልወጣም።

«‹እንብላ› ሲሉህ ‹ብሉ፣ እኔ በልቻለሁ› ትላለህ» ብላ ዳክዬዋ ገሠጸችው።

«አልበላሁም እኮ!»

«ባትበላም።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። እንቦሳ ሲሉ እንቦሳ የለም፤ እንብላ ሲሉ መብላት የለም፤ ያልበላ በላሁ ይላል። በተራራው ሥር ሳለ የሚነገረው ሁሉ ግልጽ ነበር። «ሂድ!» ይሉታል፣ ይሄዳል። ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ይመታዋል። እዚህ ግን ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ሁሉም በለሆሳስ ይናገራል፣ እሱ ደግሞ ከሰላምታው መካከል የቱን ይዞ የቱን እንደሚጥል አያውቅም። ቢሆንም መኖሪያውን ወዶታል። ሌሊት የወንዙን ድምፅ እየሰማ ሲተኛ ማንም አያባርረውም። ይህችን ጥግ ላለማጣት ሲል ሆዱ እየጮኸ «በልቻለሁ» ማለትን ተማረ።

አንድ ረፋድ ላይ እትዬ አመዴ ደጃፏ ላይ የባቄላ ንፍሮ አቅርባ ተቀምጣለች። አያ ጅቦ ወንዙ አጥንት ጥሎ እንደሆነ ሊያይ ሲወርድ አገኛት።

«አያ ጅቦ! ና እንጂ፣ እንብላ!»

«ይብሉ እትዬ፣ እኔ በልቻለሁ» አለ የተማረውን።

ዳክዬዋ ግን ያላስተማረችው ነገር ነበር። እትዬ አመዴ አንዴ «በልቻለሁ» ስላሉት የምትተው ሴት አይደለችም። በዚያ ላይ ዓረፍተ ነገሯን ያለ ሞት አትጨርስም።

«ኧረ በሞቴ!» አለች።

አያ ጅቦ አንድ እግሩን አንስቶ እንደቆመ ቀረ። «ምን አሉ?»

«በሞቴ ብላ! በሞቴ አልኩህ!»

«በ… በሞትዎ?»

«አፈር ስሆን! አንድ እፍኝ ብቻ! ስሞትልህ አታሳፍረኝ!»

አያ ጅቦ በዕድሜው ብዙ አህያ አሳድዷል፤ ብዙ አህያም ረግጦታል። «በሞቴ ብላ» ብሎ የለመነው አህያ ግን አልነበረም። ንፍሮውን ሳያየው አንድ እፍኝ ዋጠ። ምን እንደበላ እንኳ አላወቀም። አንድ ነገር ለመናገር ያህል «እኔን እኮ የሚጋብዘኝ የለም ነበር» አለ። «ከሄድኩበት ሁሉ በድንጋይ ነው የሚሸኙኝ።»

እትዬ አመዴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወይኔ ልጄን! አንጀቴን በላኸው!»

«እኔ?» አያ ጅቦ ደንግጦ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ጥርሱን በምላሱ ዳሰሰ፤ ከባቄላ ልጣጭ በቀር ምንም የለም። «እትዬ፣ እምልልዎታለሁ፣ አልነካሁትም!»

እትዬ አመዴ ቀልዱን ወደደችው። «እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ነህ!» ብላ ሳቀች።

አያ ጅቦ ግን ሮጦ ሄዶ የታችኛዋን ጎረቤት እመት ቀበሮን ጠየቃት። እመት ቀበሮ ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ከሰው የተረፈውን እየበላች፣ ሰው ያልነገራትን እያወቀች። አያ ጅቦ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት ጅራቷን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ይህም እንደ ጥጃዋ ነው?» አላት። «ቃሉ አለ፣ እሷ ግን የለችም?»

እመት ቀበሮ ዓይኗን አጥብባ አሰበች። አንድ የደለበች አህያ ተበልታ ለጎረቤት የሚተርፈውን ነው ያሰበችው።

«አህያዋ የለችም?» አለችው።

«አለች እንጂ! አይቻታለሁ። እንዲያውም ወፍራም ናት።»

«ታዲያ እንደ ጥጃዋ እንዴት ይሆናል? ጥጃዋ የለችም፣ አህያዋ አለች።»

አያ ጅቦ ይህ በጣም ትክክል መሰለው።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች እመት ቀበሮ። «በዚህ አገር ‹በሞቴ› ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው። ማንንም ጠይቅ። ትንሹም ትልቁም ‹በሞቴ› ሲባል እጁን ይዘረጋል።»

ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

«‹በሞቴ› ማለት ግን ስሞት ማለት ነው አይደል? አሁን አልሞተችም።»

«ትጠብቃለሃ።»

«‹አፈር ስሆን› ያለችውስ? አፈር ከሆነች በኋላ ምኗን እበላለሁ?»

«እሱ እንዳትዘገይ ስትልህ ነው። አፈር ከመሆኔ በፊት ቶሎ ድረስ ማለቷ ነው» አለችና እመት ቀበሮ ተነሳች። «ጉበቱን ግን ለእኔ ታስቀርልኛለህ። ጎረቤት ነን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጅቦ ጠዋት ጠዋት እትዬ አመዴ ደጃፍ መቆም ጀመረ።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ሳል የለም? አያዞርዎትም?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን። ጉልበቴን ብቻ ይቆረጥመኛል።»

«ጉልበትዎን? በጣም?» ይላል ተስፋ አድርጎ።

«ለክፉ አይሰጥም።»

«እሺ» ይላል ቅር ብሎት። «እንዲያው ከባሰብዎት እኔን ያስጠሩኝ። ከሌላው በፊት እኔን።»

እትዬ አመዴ በዚህ እንዴት እንደተነካች! ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። «የሆድ ልጅ እንኳ እንዲህ አይጠይቅም» አለች። ዳክዬዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ አባ ኤሊ እንኳ ቅጠሉን ይቅር አለው። ጋሽ ጉማሬም አንድ ቀን ከውሃው ሆኖ «በርታ» አለው። አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ፍቅር ምን እንዳመጣው አላወቀም፤ ምሳውን መጠበቁ ብቻ ነበር።

ትልቁ ግራ መጋባት ግን ከራሱ ጋር ነው። እትዬ አመዴን እየወደዳት መጣ። ከጎመኗ መካከል ሆና «አያ ጅቦ!» ብላ ስትጠራው ደስ ይለዋል፤ ማንም በስሙ ጠርቶት አያውቅማ። አንድ ቀን ወደ ውሃው የምትወርድበት መንገድ ላይ ድንጋይ አየ። እንዳያደናቅፋት ብሎ አነሳው። ትንሽ ሄደና ቆመ። «ለምን አነሳሁት?» አለ። ተመልሶ ድንጋዩን ቦታው ላይ አስቀመጠው። እንደገና ሄደና ደግሞ ያ የሚቆረጥማት ጉልበቷ ታወሰው። ተመልሶ አነሳው። ድንጋዩን በአፉ እንደያዘ መንገዱ መካከል ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ሲያስብ ቆየ። ሆዱ አንድ ነገር ይለዋል፣ ልቡ ሌላ። ሁለቱን ማስማማት ለእሱ ዓይነቱ ጭንቅላት ከባድ ሥራ ነበር።

ክረምት ገባ። በላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ወንዙን አጨቅይቶ አመጣው። ያ ቀርፋፋ ውሃ ቡናማ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ መሄድ ጀመረ። ጋሽ ጉማሬ ድፍርሱ ዓይኑን ስለሚያቃጥለው ከሰፈሩ በታች ወዳለው የረጋ ኩሬ ወርዶ ነበር። ዳክዬና አባ ኤሊም ወደ ከፍታው ወጥተዋል።

እትዬ አመዴ ግን ጎመኗ አሳዘናት። ውሃው ሳይወስደው የደረሰውን ልልቀም ብላ ከሰዓት በኋላ ወደ ዳር ወረደች። ዳርቻው ከሥሩ ተቦርቡሮ ኖሮ ተናደ። እትዬ አመዴ ከጎመኗ ጋር አረንቋ ውስጥ ገባች። እስከ ሆዷ ጭቃው ያዛት፤ ውሃው ደግሞ ከጎን እየጨመረ መጣ። ብትታገል ይበልጥ ሰመጠች።

«አያ ጅቦ! ድረስልኝ! ስሞትልህ፣ ድረስልኝ!»

አያ ጅቦ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሮጠ። እውነቱን እንናገር፣ ሲሮጥ ሊያወጣት ነው የሮጠው። ልቡ ቀድሞት ነበር። ሆዱ የደረሰው ዳር ላይ ሲቆም ነው፤ ያን ጊዜ ቃሉ በጆሮው ገባ። ስሞትልህ።

«ዛሬ ነው?» አለ በትሕትና።

«ምኑ?»

«የነገሩኝ።»

«ምን ነገርኩህ? እየሰመጥኩ ነው እኮ! ስሞትልህ አውጣኝ!»

አያ ጅቦ ተቀመጠ። ልሙትልህ ትላለች፣ አውጣኝም ትላለች። ካወጣት አትሞትለትም፤ ከሞተችለት አያወጣትም። ሁለቱ እንዴት በአንድ አፍ ይወጣሉ? «አይቸኩሉ» አላት። «ቀስ ብለው ይሙቱ። እኔ የትም አልሄድም።»

«በእናትህ!»

«እናቴ ሞታለች» አለ ይበልጥ ግራ ተጋብቶ።

ውሃው ደረቷ ላይ ደረሰ። «አንገቴን ያዘኝ!» አለች። «አንገቴን ይዘህ ጎትተኝ!»

«የምይዘው በጥርሴ ነው፤ ሌላ መያዣ የለኝም።»

«በጥርስህም ይሁን!»

እንግዲህ የት እንደሚጀምር ሳይቀር ነግራዋለች። አያ ጅቦ በሆዱ እየተሳበ ተጠጋና አፉን ከፈተ። አንገቷ ይሞቃል፤ የጎመንና የጭቃ ሽታ አለው። ጥርሱን ሊገጥም ሲል ቆመ። ይዞ ቢጎትት ያወጣታል። ይዞ ቢጫን ይበላታል። አፉ ያው አንድ አፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ለየቱ እንደከፈተው አላወቀም። አፉን ዘጋና ወደ ኋላ ተመለሰ።

«እትዬ አመዴ፣ አይቆጡኝና ግራ ገባኝ» አለ። «ላውጣዎት ነው ወይስ ልብላዎት? አንዱን ይበሉኝ።»

እትዬ አመዴ አየችው። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባት። የየጠዋቱ ጥያቄ፣ ሳሉ፣ ጉልበቱ፣ «ከሌላው በፊት እኔን» ያለው። ከጭቃው በላይ ያ ነገር አሳመማት። ከዚያ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አናፋች። በዚያ ሰፈር አህያ አናፍቶ አያውቅም። ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ፤ እንቁራሪቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።

ጋሽ ጉማሬ ከኩሬው ተነስቶ ውሃውን እየሰነጠቀ መጣ። ከሥሯ ገብቶ በጀርባው ገፍቶ ወደ ዳር አወጣት። ልክ መሬት ስትረግጥ የቀረው ዳርቻ ከኋላዋ ተንዶ ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ቀድማ የደረሰችው እመት ቀበሮ ናት፤ ለምን እንደቀደመች እናንተው ታውቃላችሁ። እትዬ አመዴ ጭቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ቆማለች።

«አያ ጅቦ» አለ ጋሽ ጉማሬ፣ «እዚህ ዳር ተቀምጠህ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«ግብዣዬን» አለ አያ ጅቦ። ከዚያም ሁሉንም ነገራቸው፤ አልደበቀም። «ደንቡን አልጣስኩም። ሳይጋበዝ አይበላም አሉኝ፤ ‹በሞቴ ብላ› ተባልኩ። እመት ቀበሮም በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባልም አለችኝ።»

ሁሉም ወደ እመት ቀበሮ ዞሩ።

«ይባላል እንዴ?» አለች እመት ቀበሮ። «እናንተ ‹በሞቴ› ተብላችሁ እምቢ ትላላችሁ?» ማንም «እንላለን» ሊል አልቻለም። እሷም ቀስ ብላ በመካከላቸው ሹልክ አለች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል ነግሯት አያውቅም።

«ወግ እኮ ነው!» አለች ዳክዬ ለአያ ጅቦ፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ሰው ሲያከብር እንዲህ ይላል!»

«እንቦሳዋም ወግ ናት፣ እንብላም ወግ ነው፣ ይኼም ወግ ነው» አለ አያ ጅቦ። «ታዲያ እኔ እውነተኛውን በምን ልወቀው?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

«ቃሉ ከጠፋህ ዓይኗን ማየት ነበረብህ» አለ ጋሽ ጉማሬ። «ውጣ። ዛሬውኑ ከሰፈራችን ውጣ።»

አያ ጅቦ ይህ ወዲያው ገባው። ጉድጓዱ፣ የሌሊቱ የወንዝ ድምፅ፣ በስሙ የሚጠራው ጎረቤት፣ ሁሉም ሊሄድበት ነው። ጭቃው ላይ ተደፍቶ፣ የሰፈሩን አነጋገር መቼ እንደለመደው ሳያውቀው፣ «አታባርሩኝ!» አለ። «ስሞትላችሁ! ስሞትላችሁ አታባርሩኝ!»

ጋሽ ጉማሬ ቀስ ብሎ ዳር ላይ ተቀመጠ። ዳክዬም ተቀመጠች። አባ ኤሊም ተቀመጠ። ሁሉም በጸጥታ ያዩት ጀመር።

አያ ጅቦ ፊታቸውን ዞሮ ዞሮ አየ። «ምን… ምን ትጠብቃላችሁ?»

«እስክትሞትልን» አለ ጋሽ ጉማሬ። «አትቸኩል። እኛም የትም አንሄድም።»

«ኧረ እኔ መሞቴ አይደለም! መለመኔ ነው! ጨንቆኝ ነው!»

ያን ጊዜ እትዬ አመዴ ተናገረች። ድምፅዋ ከማናፋቱ ብዛት ተዘግቶ በግድ ነው የሚሰማው።

«እኔስ፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ፤ ውስጡ ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይመስል ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ አየው። ተነሳና ጭቃውን ሳያራግፍ፣ ማንም ድንጋይ ሳይወረውርበት፣ አንገቱን ደፍቶ ከሰፈሩ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤቱን ቃል በሆዱ የሚሰማ ሰው «ድረሱልኝ» የሚለውን ጩኸት እንኳ የምሳ ጥሪ አድርጎ እንደሚሰማውና ልመና ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ለማኙ ራሱ የሆነ ቀን ብቻ መሆኑን ነው።